«ለሰርግ ሥራ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ላልከው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አንብቤ ላልፍ ነበር። ሰዎች ከስር በአስተያየት የደረደሩልህን የካሜራ ስም ሳይ ግን አላስቻለኝም። እንደተረዳሁት የግል ትምህርት ቤት መምህር ነህ። ሁለት ዓመት ያጠራቀምካት ብር አለች። ፎቶ ማንሳት ትወዳለህ፣ ከጥር በፊት ካሜራ ገዝተህ ሰርግ መሥራት ትፈልጋለህ። የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። የትኛውን ካሜራ ልግዛ? ማስተማሩንስ ልተወው?

አጭሩ መልስ፦ ዘንድሮ ካሜራ አትግዛ፣ ማስተማሩንም አትተው። ረጅሙን ቡናህን ይዘህ አንብበው።

እኔ እዚህ ሥራ የገባሁት በ2003 ዓ.ም. መብራት ያዥ ሆኜ ነው። ያኔ በየሰርጉ አንድ ልጅ ሽቦ እየጎተተ፣ ትልቅ መብራት ከፍ አድርጎ ይዞ ካሜራማኑን ይከተል ነበር። ያ ልጅ እኔ ነኝ። መብራቱ እንደ ምድጃ ይግላል። የእኔ ክንድ ይዝላል፣ አማቶች በላብ ይጠመቃሉ። የምንቀርጸው ሚኒ ዲቪ በምትባል ትንሽ ካሴት ነበር። አንዷ ካሴት 60 ደቂቃ ትይዛለች። አለቃዬ ታዲያ ካሴቷ እስክታልቅ አይጠብቅም። «አሁን ሰው ምግብ ሊያነሳ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሳይነሱ ልቀይር» ይልና ቀድሞ ይቀይራል። ሁልጊዜ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። እኔ ዕድሜው ስለገፋ የሚቸኩል ይመስለኝ ነበር። ሥራው ራሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ መሆኑ የገባኝ በገዛ ጥፋቴ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሴን ካሜራ ገዛሁ። ያገለገለ ካኖን 5ዲ ማርክ 3። ኩራቴን አትጠይቀኝ። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ አንድ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አቆምኩ፣ ቀዩዋ ነጥብ መብራቷን አየሁ፣ ሌላ ካሜራ ተውሼ ስለነበር ፎቶ ላነሳ ወደ ፊት ሄድኩ። ስብከቱ ረዘመ። ያ ካሜራ ደግሞ ቪዲዮ ሲቀርጽ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላው በራሱ ጊዜ ያቆማል። አይጮህም፣ አይናገርም፣ ዝም ብሎ ያቆማል። ቃል ኪዳኑ ተገባ፣ ቀለበት ታሰረ፣ እልል ተባለ። ተመልሼ ስመጣ ቀዩዋ ነጥብ የለችም።

የሙሽራውን ወንድም ለምኜ በስልኩ የቀረጻትን ወሰድኩ። ስልኩን አቁሞ ነው የያዘው። እና እስካሁን የእነዚያ ሰዎች ቪዲዮ ላይ ቃል ኪዳኑ ሲደርስ ግራና ቀኙ ይጠቁርና መሃል ላይ እንደ በር የቀጠነች ምስል ትቀራለች። ሙሽሪት አብራኝ ቁጭ ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አየህ፣ ካሜራው ጥሩ ካሜራ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰርግ ተማር። «ስንቱን ሰርግ በልቻለሁ» ትለኝ ይሆናል። በልተሃል፣ አላየህም። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሙሽሪት ቤት ሲደርስ ሴቶቹ በሩን ይዘው ይዘፍናሉ፣ አናስገባም ይላሉ። አዲስ ካሜራማን ከሙሽራው ጋር ከውጭ ይመጣና ከውጭ ይቀራል። የሚያገኘው የሚዜዎች ማጅራት ነው። የሚያውቅ ሰው ግን አንዱን ካሜራ አስቀድሞ ውስጥ አስገብቶታል። ዋናው ነገር ያለው ውስጥ ነዋ! ሙሽሪት መኝታ ቤት ሆና ዘፈኑን ትሰማለች። አንዷ ጓደኛዋ በመስኮት እያየች «ደረሱ፣ ደረሱ» ትላለች። እናት እዚያው ቆመው የተስተካከለውን ነጠላ እንደገና ያስተካክላሉ። እዚያች ክፍል ውስጥ ያለው አምስት ደቂቃ ከውጭው ጭፈራ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ጉልበት ሲሳምም እንደዚሁ። ከፊት ከቆምክ የምታገኘው የሙሽራውን አናት ነው። ከጎን ሁን፣ በርከክ በል። የሚስመውም ፊት የመራቂውም ፊት አብሮ ይገባልሃል። ደግሞ ፎቶ አንሺውና ቪዲዮ ቀራጩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አለዚያ አባትየው ሲያለቅሱ ቪዲዮህ ላይ የሚታየው የባልደረባህ ጀርባ ነው።

ድምፅ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ ድምፅ የጠየቀ ሰው እስካሁን አላየሁም። አብዛኛው ካሜራ ድምፅን በራሱ ያስተካክላል። ለኛ ሰርግ ይህ መርዝ ነው። ሽማግሌው «ልጆቼ፣ ውለዱ ክበዱ» ብለው ሲጀምሩ ከኋላ እልልታ ይፈነዳል። ካሜራው ደንግጦ ድምፁን ይቀንሳል። እልልታው ሲያልቅ ሽማግሌው ምርቃቱን ቀጥለዋል፣ ካሜራው ግን ገና ድምፁን አልመለሰም። ቤት ገብተህ ስትከፍተው አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለህ እንጂ የሚሉት አይሰማህም። ድምፁን በእጅህ አስተካክል፣ እልልታውን ችሎ እንዲያልፍ ዝቅ አድርገው። ከተቻለ አንዲት ትንሽ የድምፅ መቅጃ ከሽማግሌው አጠገብ አስቀምጥ። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ዲጄውን ቀድመህ ተዋወቀው፣ ድምፁን ከሚያቀላቅልበት ከሚክሰሩ መስመር ይስጥህ።

ሙሽራው ኮት ላይ ማይክ ካደረግክለት መኖሩን ይረሳዋል። አንድ ጊዜ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ፣ ሙሽራው እየሳቀ ለአንደኛ ሚዜው «ስንት ሰው ቀረ? እግሬ ሞተ» ሲል ሰምቻለሁ። ኤዲት ስታደርግ በጆሮህ እስከ መጨረሻው ስማው።

ተክሊል ወይም ቁርባን ከሆነ ከካህናቱ ጋር ራስህ ቀድመህ ተነጋገር። «ቤተሰብ ፈቃድ ጠይቋል» ሲሉህ አትመን። የት መቆም እንደምትችል፣ ፍላሽ ይፈቀድ አይፈቀድ፣ በቅዳሴው ሰዓት መቅረጽ ይቻል አይቻል ጠይቅ። ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ ደህና ካልሲ አድርግ። ቀልድ እንዳይመስልህ፣ በአውራ ጣቴ ቀዳዳ የሳቁ ዲያቆን አሉ። የሙስሊም ሰርግ ከሆነ በሴቶቹ በኩል የምትቀርጽ ሴት ባለሙያ አብራህ ብትኖር ነው የሚሻለው። ጎበዝ ሴት ካሜራ ባለሙያ የያዘ ቡድን ሥራ አያጣም።

ብርሃን። አዲስ አበባ ላይ የፎቶ ፕሮግራም ሁሌም በክፉ ሰዓት ነው የሚወድቀው፣ ከቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ናት። የሙሽራው ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ የሙሽሪት ቬሎ ነጭ ወረቀት ይመስላል። እንጦጦ ፓርክም ሂድ ሌላ ቦታም ሂድ፣ መጀመሪያ ጥላ ፈልግ። ቆንጆውን አበባ እርሳው፣ ዛፍ ስር አስገባቸው። አዳራሽ ስትገባ ደግሞ የጌጥ መብራቱ ቪዲዮህ ላይ ይርገበገብብሃል። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የሹተር ፍጥነትህን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርገው፣ ብዙውን ጊዜ ይተውሃል። ይህችን ትንሽ ነገር ሳላውቅ አንድ ዓመት ሙሉ ካሜራዬ ታሟል ብዬ ሠሪ ቤት ተመላልሻለሁ።

ሚሞሪ ካርድ ላይ ግትር ሁን። ሁለት ካርድ የሚይዝ ካሜራ ካልሆነ ሰርግ አልሠራም በል። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይጻፍ። ማታ ቤት ስትገባ ደክሞሃል፣ ጠጅም ቀምሰህ ይሆናል። ቢሆንም ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ሳትገለብጥ እንዳትተኛ። ሁለቱን ዲስክ አንድ ቦርሳ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አውቃለሁ፣ ቦርሳው ከታክሲ ተሰረቀ። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ መልስ ሲሆን የቅዳሜን ካርድ አጥፍተህ አትጠቀም። አዲስ ካርድ ግዛ። የካርድ ዋጋ ከሙሽሪት እናት ፊት አይብስም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ሰርግ ላይ ሽማግሌዎችን ለየብቻ አንሳ። እያንዳንዳቸውን፣ ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ በደህና ብርሃን። አያት፣ የአባት ታላቅ ወንድም፣ ከገጠር የመጡ አክስት፣ ጥግ ይዘው የተቀመጡ ጎረቤት። ማንም አይጠይቅህም፣ ፎቶ ቡክ ውስጥም አይገባም። ግን ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ስልክህ ይጮሃል። «ያኔ ሰርጋችን ላይ አባባን አንስተሃቸው ነበር?» ይሉሃል። ድምፃቸውን ስትሰማ ገብቶሃል። ብዙ ሽማግሌ ከመታወቂያ ሌላ ደህና ፎቶ የለውም፣ ለብሶና ደስ ብሎት የታየው እዚያ ሰርግ ላይ ነው። እኔ ያነሳኋት ፎቶ ለቅሶ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጧፍ በርቶላት አይቻለሁ። ለዚህ ፎቶ ገንዘብ ተቀብዬ አላውቅም። የዚያ ቤት ሦስት ልጆች ከዚያ በኋላ ሲያገቡ ግን ሌላ ሰው አልጠሩም።

ከዚሁ ጋር፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለች እህት በቪዲዮ ጥሪ ሰርጉን ስትከታተል ታያለህ። አንድ ታናሽ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሲዞር ይውላል። ያንን ልጅና ስልኩ ላይ ያለችውን ፊት አንድ ላይ ቅረጻቸው። ቪዲዮው ሲላክላት መጀመሪያ የምትፈልገው ራሷን ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ። ግማሹን ቀብድ ተቀበል፣ ቀሪውን ሥራ ሳታስረክብ ጨርስ። ከሰርግ በኋላ ሙሽራ ኪሱ ባዶ ነው፣ ክፉ ሆኖ አይደለም። ውሉ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ስንት ፎቶ እንደምትሰጥ፣ በስንት ቀን እንደምታስረክብ፣ ሳይን ቦርዱና ታንክ ዩ ካርዱ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ጻፍ። ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ ፈቃድ መስጠታቸውንም ጻፍ። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ለቅቄ የሙሽሪት አጎት ቢሮዬ ድረስ መጥተው ጮኸውብኛል፣ እውነታቸውን ነው። ምሳም ይጻፍ። ሁሉም «ብሉ እንጂ» ይልሃል፣ ልክ እጅህን ታጥበህ ስትቀመጥ ኬክ ይቆረሳል። በተራ ብሉ።

ድሮን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ያለ ፈቃድ እንዳታስነሳ። ከመኪና መስኮት ወጥተህ አጀብ መቅረጽም ይቅርብህ። በቃ።

ማስተማሩን የማትተወው ለዚህ ነው። ጥር ላይ ሰርግ ይደራረባል፣ አንተ ራስህን ለሁለት ትከፍላለህ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና ለ55 ቀን ስልክህ ጸጥ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ይነቃል፣ ግንቦት ደህና ነው። ሐምሌ ምረቃና ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ሰርግ አለ፣ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ። የጥርን ብር በጥር የበላ ካሜራማን ሰኔ ላይ ሌንሱን ሲሸጥ ታገኘዋለህ። ሰርጉ በብዛት ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ከማስተማር ጋር ይሄዳል። የሚከብድህ የጥር የመንፈቅ ፈተና እርማት ነው፣ እሱን ከወዲሁ አስብበት።

የግድ አንድ ነገር ልግዛ ካልክ የድምፅ መቅጃ፣ የኮት ማይክና ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዛ። ማንም ካሜራማን ከነዚህ ጋር ደስ ብሎት ረዳት አድርጎ ይቀበልሃል። ካሜራውን ከአንድ ወቅት ሥራ በኋላ ራስህ ትመርጠዋለህ፣ ሌንስ ግን ለሰርግ 24-70 ሚሊ ሜትር የሚባለው ካለህ፣ ሰፊውንም ቀረብ ያለውንም ስለሚያነሳ ቀኑን ሙሉ ያውልሃል።

እኔ ጥር 13 ሰርግ አለኝ፣ በማግስቱ መልስ። ድምፅ የሚይዝልኝ ልጅ ባለፈው ወር ራሱ አግብቶ ሄዷል። የቀን አበልና ምሳ አለ፣ ምሳውን ቁጭ ብለህ ለመብላትህ ግን ዋስትና አልሰጥም። ከፈለግክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ተክሊል ስለሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሳለን፣ ካልሲውን እንዳትረሳ።