«ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን መስመር ስታነቡ

ውድ ወጣቶች፤

በምህንድስና ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ የሥራ ማስታወቂያ ሳረቅ ኖሬአለሁ። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታነቡ «አሟላለሁ ወይስ አላሟላም?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ የተጠየቀው ማስረጃ ለሥራው ምን እንደሚፈይድና ያንን ማስረጃ ለማግኘት በሩ ለማን ክፍት እንደሆነ መርምሩ። ይህን ለማስረዳት ከአሜሪካ ሴት አብራሪዎች ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ናሳ እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያዎቹን ሰባት ጠፈርተኞች ሲመርጥ፣ እጩዎቹ ከወታደራዊ የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት የተመረቁ እንዲሆኑ ተወስኖ ነበር። የወንዶቹ የጤና ምርመራ የተካሄደው አልበከርኪ በሚገኘው የዶክተር ራንዲ ላቭሌስ ክሊኒክ ሲሆን፣ ሐኪሙ የሴቶችንም አቅም ማወቅ ስለፈለገ በ1960 ጄሪ ኮብ የተባለችውን አብራሪ ጠርቶ በዚያው ምርመራ አሳለፋት። የሚዛን ስሜቷን አናግቶ በምን ያህል ጊዜ እንደምትረጋጋ ለመለካት በረዶ የመሰለ ውሃ ጆሮዋ ውስጥ ይጨመር ነበር፤ የጨጓራዋን አሲድ ለመመርመር የጎማ ቱቦ ዋጠች፤ አቅሟ እስኪሟጠጥም ብስክሌት አስነዷት። ከእሷ ጋር በጠቅላላው 19 ሴቶች ተፈትነው 13ቱ አለፉ። ከእነዚህ በዕድሜ ታናሿ ዋሊ ፈንክ ብርሃንና ድምፅ በሌለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ ተንሳፍፋ ቆይታለች።

ቀጣዩ ፈተና በ1961 መስከረም ላይ ፔንሳኮላ በሚገኘው የባሕር ኃይል የአቪዬሽን ሕክምና ትምህርት ቤት ሊደረግ ተቀጥሮ፣ አንዳንዶቹ ሥራቸውን እስከመልቀቅ ደርሰው ሲዘጋጁ፣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መሰረዙን የሚያሳውቅ ቴሌግራም ደረሳቸው። ናሳ በይፋ ስላልጠየቀ ባሕር ኃይሉ መሣሪያዎቹን አልፈቀደም።

በሐምሌ 1962 ጉዳዩ በተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ዋናው መልስ ሴቶቹ የጄት ሙከራ አብራሪነት መስፈርቱን አያሟሉም የሚል ነበር። እንዴትስ ያሟሉ? ትምህርት ቤቶቹ የወታደር ነበሩ፤ ወታደሩም በዚያን ጊዜ ሴት አብራሪ አያሠለጥንም ነበር። ለእውነት ለመናገር፣ ያልተሞከረ መንኮራኩር ላይ ልምድ ያለው ሰው መፈለጉ ራሱ ስንፍና አልነበረም፤ ያችው መንኮራኩር ግን ሰው ከመጫኗ በፊት ሃም የተባለ ቺምፓንዚ ጭና ወጥታ ተመልሳለች። ከሰባቱ አንዱ የሆነው ጆን ግሌንም ሲመረጥ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም፤ ልምዱ በዲግሪ ምትክ ተቆጥሮለታል። ከ10,000 ሰዓት በላይ ላበረረችው ኮብ ግን የሚተካ ነገር አልተገኘም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ለአንዱ የሚላላ፣ ለሌላው የሚጠብቅ መስፈርት ወረቀት ላይ ሲታይ ለሁሉም እኩል ይመስላል።

የሴቶቹን ፈተና ወጪ ከባለቤቷ ጋር የሸፈነችው ታዋቂዋ አብራሪ ጃክሊን ኮክራን እዚያው ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ሴቶችን ለማስገባት መቻኮል እንደማያስፈልግ መሰከረች። እናንተን ከሚመስል ሰው ሁሉ ድጋፍ እንዳትጠብቁ ይህን አልሸሽጋችሁም። ከዚያ በፊት በመጋቢት ወር ምክትል ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሴቶቹን በሚመለከት ለናሳ ኃላፊ የተረቀቀለትን ደብዳቤ ሳይፈርም፣ ግርጌው ላይ «ይህን አሁኑኑ እናቁመው!» ብሎ ጽፎበት ነበር። ሶቭየት ኅብረት በበኩሏ በሰኔ 1963 የፋብሪካ ሠራተኛና የፓራሹት ዘላይ የነበረችውን ቫለንቲና ቴሬሽኮቫን ጠፈር ላይ አወጣች።

እናንተም ነገ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ መስፈርት ከሚያረቁት ጋር ትቀመጣላችሁ። ያን ጊዜ «ድሮም እንዲህ ነው» የሚል መልስ ሲሰጣችሁ አትቀበሉት፤ እያንዳንዱ መስፈርት ከየትኛው የሥራ ድርሻ ጋር እንደሚያያዝ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ጠይቁ። የሚጠየቀው የምስክር ወረቀት ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የሚገኝ ከሆነም የዚያን ትምህርት ቤት የቅበላ ደንብ አስመጥታችሁ እዩ። የአሜሪካ አየር ኃይል ለሴቶች የአብራሪነት ሥልጠና የከፈተው በ1976 ነው፤ አይሊን ኮሊንስ በዚያ መንገድ ገብታ በ1990 ከሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ተመረቀች፤ በ1995ም ዲስከቨሪ የተባለችውን የናሳ የጠፈር ማመላለሻ (ስፔስ ሻትል) በማብረር የመጀመሪያዋ ሴት የስፔስ ሻትል አብራሪ ሆነች። በረራውን እንዲመለከቱም ከ13ቱ መካከል በሕይወት የነበሩትን ጋብዛ ነበር።