ስለ ላፕቶፕ ባትሪ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ላፕቶፕ መጠገን እንጀራዬ ነው። ስለ ባትሪ፣ ስለ ቻርጀርና ስለ መብራት ፍጆታ የሚከነክናችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሻጩ «አሥር ሰዓት ይቆያል» ብሎኝ የገዛሁት አዲስ ላፕቶፕ ከአራት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ላትታለል ትችላለህ። አሥር ሰዓት የሚባለው የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ተደርጎ፣ ቀላል ሥራ ብቻ ሲሠራበት ነው። የባትሪ ትክክለኛ መስፈሪያ ዋት ሰዓት ነው። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ኮምፒውተሩ 5 ዋት ከወሰደ አሥር ሰዓት ያሠራል፤ 12 ዋት ከወሰደ አራት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ፤ ቪዲዮ ስታቀናብር 40 ዋት ከደረሰ አንድ ሰዓት ከሩብ። የስክሪኑን ብርሃን ቀንስ፤ ሳታያቸው የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝጋ። «ባትሪ ቆጣቢ» እየተባሉ የሚጫኑትን ግን ተዋቸው፤ አብዛኞቹ ራሳቸው በላተኞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ባትሪውን እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ ከመክፈልህ በፊት መጠየቅህ ጥሩ ነው። ዊንዶውስ ከሆነ የትእዛዝ መስኮቱን (ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን) ክፈትና በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወር» ብለህ ሲ፣ ኤፍና ጂን አጣብቅበት፤ ክፍት ቦታ ተውና ወደ ቀኝ ያዘመመ ሰረዝ፣ ከዚያ «ባትሪ ሪፖርት»ን ሳትለያይ ጻፍ። ኮምፒውተሩ አንድ ሪፖርት አዘጋጅቶ የት እንዳስቀመጠው ይነግርሃል። እዚያ ውስጥ ሁለት ቁጥር ፈልግ፦ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውንና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘውን። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 31,000 ሚሊ ዋት ሰዓት ቢሆን የቀረህ 62 በመቶ ነው። ከ60 በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስልህ።

ሪፖርቱን ብቻ ግን አትመን፤ የተቀየረ ርካሽ ባትሪ ቁጥሩን ያሳምራል። ቻርጀሩን ንቀልና ግማሽ ሰዓት ያህል ቪዲዮ እያጫወትህ መቶኛውን ተከታተል። ከ40 ድንገት ወደ 10 ከዘለለ ሞቷል። ሻጩ «ቻርጀሩን አትንቀለው» ብሎ ከለመነህማ መልሱን አግኝተሃል።

ጥያቄ፦ እናቴ «ሰክተኸው አትደር፣ ይፈነዳል» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ባትሪው ሲሞላ ቻርጅ ማድረጉ በራሱ ይቆማል። የሚያስረጀው ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆየቱና ሙቀቱ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚገታ ማስተካከያ አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሰክተህ የምትሠራ ከሆነ አብራው። በሰፈርህ መብራት በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ግን 100 ይሙላ፤ ባትሪ የተገዛው እንዲያገለግል እንጂ እንዲጦር አይደለም። ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ሰክተህ የምትተኛ ከሆነ ግን እናትህ ልክ ናቸው፤ አየር ማስገቢያው ይታፈናል።

ጥያቄ፦ በወር አንድ ጊዜ ዜሮ እስኪገባ ላራግፈው?

መልስ፦ አታድርገው። ያ የድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ሕግ ነበር። የዛሬ ላፕቶፖች የሚሠሩበትን፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበውን ሊቲየም አዮን ባትሪ ዜሮ መግባት ይጎዳዋል።

ጥያቄ፦ የላፕቶፔ ባትሪ ላይ 4,400 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል። 20,000 የሚለው ፓወር ባንኬ አራት ጊዜ ይሞላዋል ማለት ነው?

መልስ፦ አይሞላውም። ሚሊ አምፔር ሰዓት በቮልት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ነው ዋት ሰዓት የሚሆነው። ፓወር ባንኩ የተቆጠረው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ የላፕቶፑ ግን በ11.4 ቮልት ስለሆነ 50 ይሆናል። በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ አንድ ጊዜ ቢሞላልህ ነው። እሱም ፓወር ባንኩ በዩኤስቢ ሲ 20 ቮልት የሚሰጥና ላፕቶፕህም በዚያው የሚሞላ ከሆነ ነው።

ጥያቄ፦ አከራዬ «ላፕቶፕህ ቆጣሪዬን እያስሮጠው ነው» ብለው የመብራት ጭማሪ ጠየቁኝ።

መልስ፦ ቻርጀሩ ላይ 65 ዋት ቢጻፍም ያ ጣሪያው ነው። በአማካይ 20 ዋት እየወሰደ ስምንት ሰዓት ቢሠራ 160 ዋት ሰዓት ይሆናል። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚበላው ላፕቶፕህን 22 ቀን ገደማ ያሠራዋል። ሒሳቡን በወረቀት ጽፈህ በትሕትና አሳያቸው፤ በምጣዳቸው ግን አትከራከራቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ታችፓዱ ወደ ላይ ተነሥቶ አልጫን አለኝ፤ ክዳኑም አልገጥም ብሏል።

መልስ፦ አባቴ፣ ባትሪው አብጧል። አሁኑኑ ያጥፉትና ከቻርጀሩ ይንቀሉት፤ ተጭነው ለመክደን አይሞክሩ። ባትሪው ወጥቶ በአዲስ መተካት አለበት። «በመርፌ ወግቼ አስተነፍሰዋለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ላፕቶፕዎን ይዘው ይውጡ፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ለወንድሜ ትርፍ ባትሪ ልወስድለት ነው። ሻንጣ ውስጥ ልክተተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአንቺ በማይለየው የእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሆንም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የብረት ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኚያቸው።