ሳንባ ንቅለ ተከላ እዚህ ስለሌለ ትምህርቴን ልተወው?

ሰላም እህቴ። ቱሉ ዲምቱ እንደምትኖሪና የሦስተኛ ዓመት የአንስቴዥያ (የሰመመን ሕክምና) ተማሪ እንደሆንሽ ነግረሽኛል። ሳንባ ንቅለ ተከላ ላይ መሥራት እመኛለሁ፣ እዚህ አገር ስለማይሠራ ትምህርቴን አቋርጬ ሕክምና ከዜሮ ልጀምር ወይ ነው ጥያቄሽ።

በፍጹም አታቋርጪ። ሥራው ምን እንደሚፈልግ ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ። ታካሚው ሳንባው ያለቀ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሳንባው የደም ግፊት ከፍ ብሎ የልቡን ቀኝ ክፍል አድክሞታል። ስለዚህ ገና በሰመመን ሲያስተኙት፣ ቢላ ሳይነካው፣ የሰውነቱ የደም ግፊት ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል፤ ለዚህ ነው መድኃኒቱ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው፣ የልብና ሳንባ ማሽን ቡድኑም ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቀው። ከዚያ ሁለቱን ሳንባዎች ለየብቻ የሚያስተነፍስ ባለ ሁለት መስመር ቱቦ በአየር ቧንቧው ገብቶ አንዱ ሳንባ ብቻ ይተነፍሳል። ወደሚወጣው ሳንባ የሚሄደው የደም ቧንቧ በመቆንጠጫ ሲዘጋ ደሙ ሁሉ በቀረው በኩል ይገፋል፣ ቀኝ ልብ ካልቻለ ኤክሞ (ደሙን ከሰውነት ውጭ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስ ማሽን) ይገባል። አዲሱ ሳንባ ደም ሲያገኝ ደግሞ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ስለዚህ ፈሳሽ በቁጠባ፣ ትንፋሽም በትንሽ መጠን ይሰጣል።

አየሽ፣ አብዛኛው እዚሁ ይለመዳል። ጥቁር አንበሳ ደረት ይከፈታል። ቲቢ የበላው ሳንባ ሲወጣ መግሉ ወደ ጤነኛው እንዳይፈስ የሚለየው ያው ባለ ሁለት መስመር ቱቦ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ንቅለ ተከላ በሚሠራባቸው አገሮች ሰመመኑን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ ስፔሻላይዝ ያደረገ ሐኪም ነው። የእኛን ዲግሪ ይዘሽ በቀጥታ መግባት ከባድ ነው። ቢሆንም ዲግሪሽን ጨርሺ፣ ሥራውን ቅመሺው። ዲግሪ ይዘው ሕክምና የገቡ አሉ፣ ማስተርስ ይዘው የደረት ሰመመን ላይ የጠነከሩም አሉ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጥ ነበር፣ ምክንያቱም እዚህ የሚጎድለው እንዲህ ዓይነት ሰው ነው። የመጀመሪያው የሳንባ ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1963 ሚሲሲፒ ውስጥ ሲሠራ ታካሚው የኖረው 18 ቀን ብቻ ነው፤ ረጅም ዕድሜ የሰጠው የቶሮንቶው ለመምጣት 20 ዓመት ፈጅቷል። የኩላሊት ንቅለ ተከላም ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪጀምረው እዚህ አይሠራም ነበር።

አሁን ለአስተባባሪሽ የደረት ቀዶ ጥገና አታችመንት (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) ጠይቂ። ለመሠረታዊው ልምምድ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብሽ ነው። ደረት በሚሠራበት ቀን ግን ከቱሉ ዲምቱ ማልደሽ ውጪ፤ ቱቦው የሚገባው ገና በጠዋቱ ስለሆነ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከቆየሽ ዋናው ያመልጥሻል።