መርፌዋ የምትናገረው የነገሯትን ነው

ለወጣት መካኒኮች፣ በተለይ እዚህ ጎንደር ላይ እጃችሁን በግሪስ ለምታጠቁሩ ልጆቼ፤

በቀደም ማታ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ድሮ እኔ ጋር ረዳት ነበር። አሁን ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል። "ጋሼ፣ ላብድ ነው" አለኝ። የአንድ ዶልፊን ሚኒባስ ሞተር አርጅቶ በሰልባጅ ሞተር ቀይሮለታል። ድምፁ ያምራል፣ ጭስ የለውም፣ ዳገት ላይ ጉልበት አለው። ግን አሥር ደቂቃ ሳይሠራ የሙቀት መርፌዋ ቀዩ ላይ ትወጣለች።

ራዲያተሩን አሳጥቧል። የውሃ ፓምፑን ቀይሯል። በመጨረሻ ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ ዘግቶ የሚይዘውን በር፣ አውጥቶ ጥሎታል። መርፌዋ ግን ወይ ፍንክች። ባለመኪናው "የታመመ ሞተር ነው የገጠምክልኝ፣ መልስልኝ" ብሎ ተቆጥቷል።

"የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ በእጅህ ነክተኸዋል?" አልኩት።

"ነክቻለሁ።"

"ያቃጥላል?"

"ለብ ያለ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ ማን ነው የሚዋሸው? እጅህ ነው ወይስ መርፌዋ?"

ዝም አለ። ቀጥዬ ሞተሩ ላይ ያለው ሴንሰር የየትኛው እንደሆነ ጠየቅኩት። "አብሮ የመጣው ነዋ" አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ገባኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም እጽፋለሁ። እኔ ይህን ትምህርት የተማርኩት በሰው ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ነውና እናንተ በርካሽ ብትማሩት ይሻላል።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መርፌ ሙቀት አታውቅም። የምታውቀው በውስጧ ስንት ከረንት እንዳለፈ ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚያውቀው ሞተሩ ላይ ውሃው ውስጥ አፍንጫውን ነክሮ የተቀመጠው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ሲቀዘቅዝ ከረንት ይከለክላል፣ ሲሞቅ ያሳልፋል። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ኦሙ፣ ማለትም ከረንት የመከልከል አቅሙ፣ ይወርዳል ማለት ነው። ብዙ ከረንት ሲያልፍ መርፌዋ ወደ ላይ ትወጣለች። ፋብሪካው ሁለቱን ሲሠራ ለአንድ ቋንቋ አስማምቷቸዋል።

ድሮ እህል በቁና ሲሰፈር የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና አይተካከልም ነበር። "አምስት ቁና" ብሎ የሚነግርህ ሰው አልዋሸም። አንተ ግን በራስህ ቁና ካሰብከው ተሸወድክ። ሞተር ስትቀይሩ የሚሆነው ይኸው ነው። አዲሱ ሴንሰር በራሱ ቁና ሰፍሮ ይልካል፣ የድሮዋ መርፌ በራሷ ቁና ታነባለች። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ አልተግባቡም እንጂ። በዚያ ላይ ሰልባጅ ሞተር ስንት እጅ አልፎ እንደመጣ፣ ማን የምን ሴንሰር እንደሸጎጠበት አይታወቅም።

የልጁ መርፌ ወደ ላይ ዋሸች። ይህ የሚያስጨንቅ ግን የማይገድል ውሸት ነው። የሚገድለው ወደ ታች የሚዋሸው ነው።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። አንድ ነጋዴ የቤንዚን ሃይለክስ ነበረችው። "ናፍጣ አድርግልኝ" አለኝና 22አር ሞተሯን አውጥቼ 3ኤል ገጠምኩለት። ሥራዬ አምሮልኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። የሴንሰሩን ሽቦ ከናፍጣው ሞተር ጋር በመጣው ሴንሰር ላይ ሰካሁት፣ መርፌዋም ተንቀሳቀሰች። ከተማ ውስጥ ከአራዳ ማራኪ፣ ከማራኪ አዘዞ ብነዳት መርፌዋ ከመሀል በታች ረግታ ቆመች። "ቀዝቃዛ ሞተር ነው ያገኘህ!" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። እሱም መረቀኝ።

ሰውየው ሰሊጥ ሊጭን መተማ ወረደ። የመተማን ሙቀት የማያውቅ ካለ አንድ ቀን ሚያዝያ ላይ ይሂድና ይየው። ሲመለስ ጭነቱን ይዞ ወደ አይከል የሚያወጣውን ዳገት ተያያዘው። መርፌዋ መሀል ላይ ነበረች። መሀል ላይ እንዳለች ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፣ ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ ቆመ። መኪናዋ አይሱዙ ላይ ተጭና ጋራዤ በር ላይ ወረደች። ቴስታታው ተጣሟል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል።

ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ። "መርፌዋ መሀል ላይ ነበረች እኮ። ምን ልይ ነበር?" መልስ አልነበረኝም። የቴስታታውን ፊት በራሴ ገንዘብ አስላግሁ፣ ጓርኒሲዮኑንም እኔው ገዛሁ። ገንዘቡ ሄደ፣ ተረሳ። ጥያቄው ግን አልተረሳኝም።

ከዚያ ወዲያ ነው ሴንሰር መቀቀል የጀመርኩት። ሳቁ፣ ግድ የለም። አሮጌ ድስት ውስጥ ውሃ ጨምሬ ከሰል ላይ ጣድኩ። የቤንዚኑን ሞተር ሴንሰርና የናፍጣውን ጎን ለጎን በሽቦ አንጠልጥዬ አፍንጫቸውን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። በቴስተር ኦማቸውን እየለካሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ውሃው ሲፈላ የናፍጣው ኦም የቤንዚኑን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው። መርፌዋ መሀል ላይ የቆመችው ሞተሩ ስለቀዘቀዘ አልነበረም።

ደብተሬ ላይ ግን ሌላ ስህተት ጻፍኩ። ውሃው ሲፈላ "100 ዲግሪ" ብዬ ነበር የመዘገብኩት። በትምህርት ቤት የተማርነው እንዲያ ነዋ። አንድ የፊዚክስ መምህር ደንበኛ ነበረኝ፣ ደብተሬን አይቶ ፈገግ አለ። "ይህን የቀቀልከው ምጽዋ ላይ ነው?" አለኝ። በማግስቱ ከላብራቶሪ ቴርሞሜትር ይዞ መጣ። ድስቱ ተንተከተከ፣ ቴርሞሜትሩ 93 ላይ ቆመ። ብንጠብቅ፣ ከሰል ብንጨምር፣ ንቅንቅ አላለም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ደባርቅ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። እናቶቻችን ደጋ ላይ የባቄላ ንፍሮ አልበስል ብሎ የሚያስመርራቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሴንሰር የምትቀቅሉ ከሆነ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ከሌላችሁ ጎንደር ላይ የሚፈላ ውሃ 93 ነው ብላችሁ ጻፉ። ሰባት ዲግሪ ቀላል አይደለም።

ይህች ቁጥር ሌላም ነገር ታስረዳለች። አንዳንድ ደንበኛ ይመጣና "መርፌዋ መሀል ላይ ናት፣ ውሃው ግን ይፈላል፣ ጌጁን ቀይርልኝ" ይላል፤ ጌጅ የሚለው መርፌዋ ያለችበትን መለኪያ ነው። እናንተም ሞተሩ የተቀየረ ከሆነ ሴንሰሩን ትጠረጥራላችሁ። ቆይ! መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እዩ። ብዙ ጊዜ ቴርሞስታት 82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ሲጠጋ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ጎንደር ላይ ውሃው 93 ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱ ሥራውን ሳይጨርስ ውሃው አልቋል ማለት ነው። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለ ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ እስከ 115 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ሞተር ሲያስፈላ ስንቴ አይቻለሁ መሰላችሁ። ያን ጊዜ መርፌዋ እውነቷን ነው፣ ሞተሩ ያን ያህል አልሞቀም። እና በናታችሁ፣ ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን አትክፈቱ። የግራ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ያያችሁ ታውቃላችሁ።

ስለ ቴርሞስታት ካነሳን አይቀር፣ "መኪና ሞቀ" ሲባል ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የሚባለው ልማድ ይቅር። ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎ ያረጃል። ጠዋት በወገራ ብርድ ዳባት ድረስ የሚሄድ ሚኒባስ ያለ ቴርሞስታት ምን እንደሚሆን አስቡት። ለልጁም ይህን ስነግረው "ነገ እመልሰዋለሁ ጋሼ" አለ። ይመልሳል ብዬ አምናለሁ።

ሴንሰሩን ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ሽቦውን ፈትሹ። ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ቁልፉን አብርታችሁ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉት። መርፌዋ ወደ ሲ (ቀዝቃዛው) መውረድ አለባት። ሽቦውን ለአፍታ ብቻ የሞተሩን ብረት አስነኩት፣ ወደ ኤች (ትኩሱ) ትወጣለች። እንዲህ ከሆነ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። ሽቦው ተነቅሎም መርፌዋ ኤች ላይ ከቀረች አንድ ቦታ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ነክቷል። የነዳጅ ጌጁም አብሮ ካበደ ደግሞ ሴንሰሩን ተዉት፣ ወደ ዳሽቦርዱ ኤሌክትሪክ ሂዱ። ሞተር ሲወጣና ሲገባ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ሽቦ ተረስቶ መቅረቱም የተለመደ ነው። አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶብኛል።

ደግሞ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው። አንዳንዶቻችሁ ውሃ እንዳያፈስ ብላችሁ በቴፍሎን ጠቅልላችሁ ጠቅልላችሁ እንደ ሕፃን ታስሩታላችሁ። ከዚያ "መርፌዋ አትነሳም" ትላላችሁ። እንዴት ትነሳ?

ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገረውን ሴንሰር ከጌጁ ሴንሰር ጋር አታምታቱ። አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ባለ ሁለት ሽቦ የሆነው ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ ነው። የቶዮታው 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም ያነባል። የጌጁ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የጌጁን ሽቦ እዚያ ላይ ከቀጠላችሁ ሁለቱንም ታሳብዳላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የድሮውን ሞተር ስትሸጡ ሴንሰሩን አትሽጡት። የመርፌዋ ጓደኛ እሱ ነው። ፍቱትና አዲሱ ሞተር ላይ እሰሩት። ጥርሱ ካልገጠመ ቶርኖ ቤት ከነሐስ መሸጋገሪያ አሠሩ፣ ግን አፍንጫው ውሃው ውስጥ መድረሱን አረጋግጡ። መሸጋገሪያው ረዝሞ አፍንጫው ከውሃው ከራቀ እንደገና ወደ ታች ይዋሻል። ቦታውም ከቴርሞስታቱ በስተሞተር በኩል ይሁን፣ በራዲያተሩ በኩል ከሆነ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት የሚሰማው ነገር የለም። ውሃ ስትሞሉም አየሩን በደንብ አስወጡ። በእንፋሎት ውስጥ የተንጠለጠለ ሴንሰር ምን እንደሚናገር እሱም አያውቅም።

ይህ ሁሉ እንቢ ካለ ከራሱ ሴንሰር ጋር የሚሸጥ ሌላ ጌጅ ገዝታችሁ ግጠሙ። አንዳንዱ ኤሌክትሪሺያን ሽቦው ላይ ሬዚስተር ቀጥሎ መርፌዋን መሀል ያመጣታል። አልወደውም። አንድ ነጥብ ላይ ታስተካክለዋለህ፣ ከዚያ በላይና በታች እንደገና ይሳሳታል። ሹፌሩ እውነት የሚፈልገው ደግሞ መሀል ላይ ሳለ ሳይሆን ዳገት ላይ ሲሞቅ ነው።

በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ያላችሁ በቴርሞስታቱ ቤት ላይ አነጣጥራችሁ ከመርፌዋ ጋር አስተያዩ። የብረቱ ፊት ከውሃው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ያን አስቡ። በኮሮና ጊዜ አንድ ተለማማጅ የሰው ግንባር የሚለካበትን ይዞ መጣና ሞተሩ ላይ ደገነው። ከ40 ምናምን በላይ ማንበብ አልቻለም። "ጋሼ፣ ሞተሩ ትኩሳት አለው" አለኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ እስቃለሁ።

መኪናውን ስታስረክቡ ለባለቤቱ ንገሩት። "ሞተርህ ጤነኛ ሲሆን መርፌዋ እዚህ ጋ ትቆማለች፣ ከዚህ ካለፈች ቁም" በሉት፤ በጣታችሁ አሳዩት። ያልፈተሻችሁት ነገር ካለም "ይህን አልፈተሽኩም" በሉ። እኔ ያን ጊዜ ጉራ ከምነዛ ይህን ብል ኖሮ ሰውየው አይከል ዳገት ላይ ባልቆመ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ እንዲስተካከልም አስታውሱት፣ ለቦሎ ሲሄድ እንዳይጨቃጨቅ።

ልጁ ከሁለት ቀን በኋላ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ድስት እሳት ላይ ተጥዷል፣ ሁለት ሴንሰሮች በሽቦ ተንጠልጥለዋል፣ አጠገቡ ቴርሞሜትርና የተከፈተ ደብተር አለ። ከሥሩ "ጋሼ፣ 93!" ብሎ ጽፏል። የድሮውን ሴንሰር ከተጣለበት ፈልጎ አግኝቶ አስሮታል፣ መርፌዋም ቦታዋ ላይ ቆማለች።

ፎቶውን ደግሜ ሳየው ድስቱ የእናቱ የወጥ ድስት ነው። አንቲፍሪዝ የነካው ሴንሰር የተቀቀለበት ድስት ወጥ አይሠራበትም፣ መርዝ ነው። ወዲያው ደወልኩና ለእናቱ አዲስ ድስት እንዲገዛ ነገርኩት።