ከፍራፍሬ የተነጠረ ፈሳሽ የበሽታ መከላከል አቅምን ይጨምራልን? ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጠያቂዋ እህታችን፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው እናትዎ በጠርሙስ የሚሸጠውን «የበሽታ መከላከል አቅምን ከፍ የሚያደርግ» የፍራፍሬ ንጥር ቢወስዱ ይጠቅማቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። ድሬዳዋ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ለዓመታት ስሠራ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ስለሰማሁት፣ የማውቀውን ላካፍልዎ። ለእናትዎ እኔ አልመርጠውም።

ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸውን በአግባቡ ለመሥራት ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋቸዋል፤ የጎደለበት ሰው በቀላሉ ይታመማል፣ ቁስሉም ቶሎ አይጠግግም። ላልጎደለበት ሰው ግን ትርፉ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ እንዳሳየው፣ ቫይታሚን ሲን በየቀኑ መውሰድ አብዛኛውን ሰው ጉንፋን እንዳይይዘው አያደርግም፤ የሕመሙን ጊዜ ግን በአዋቂዎች 8 በመቶ፣ በልጆች 14 በመቶ ያህል ያሳጥራል። ለአዋቂ ይህ ከአንድ ሳምንት ጉንፋን ላይ ግማሽ ቀን መቀነስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጠርሙስ አያስፈልግም። አንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 75 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ 100 ግራም ዘይቱን (ጉዋቫ) ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ይዟል። ከከፊራ ገበያ የተገዛ አንድ ዘይቱን ታጥቦ ከነልጣጩ ቢበላ በቂ ነው፤ አሰሩም (ፋይበሩ) ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። ጭማቂ ሲሆን ግን አሰሩ ይወገድና ስኳሩ ብቻ ይተርፋል።

ሻጮች የሚጠቅሱት የላቦራቶሪ ውጤትም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ሴልን ያነቃቃ ንጥር ሁሉ ከተጠጣ በኋላ በሰውነት ውስጥ ያንኑ ይሠራል ማለት አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእናትዎ መድኃኒት ነው። በንጥሩ ውስጥ ግሬፕፍሩት (ብርቱካን የሚመስል መራራ ፍሬ) ካለ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችን አንጀት ውስጥ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ እንደ ኒፌዲፒን ያለ የግፊት ወይም እንደ ሲምቫስታቲን ያለ የኮሌስትሮል መድኃኒት በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሊበዛ ይችላል። መድኃኒቱንና ጭማቂውን በተለያየ ሰዓት መውሰድም አያድንም፤ ውጤቱ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላልና።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ (በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) ከተማችንን ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ሎሚና የፓፓያ ቅጠል ጭማቂ ይጠጣ ነበር። ፈሳሽ መጠጣቱ መልካም ነው (ትኩሳት ውኃ ይጨርሳልና)፤ ጭማቂውን ተማምኖ ከጤና ተቋም መቅረት ግን አደገኛ ነው፣ በተለይ ሕመሙ ደንጌ (ሌላው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) ሆኖ ድድ ሲደማ ወይም ሆድ አጥብቆ ሲያም።

ጠርሙሱ ከተገዛ፣ ከመከፈቱ በፊት ከእናትዎ መድኃኒቶች ጋር ይዘው ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይሂዱ፤ የይዘት ዝርዝር ያልተጻፈበት ከሆነ ግን ባይጠጡት ይሻላል።