ዕቁቤን ልስጠው?

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በልብስ ስፌት እሠራለሁ። ዕድሜዬ 23 ነው። ደሴ ከሚያስተምር ልጅ ጋር ከተዋደድን ቆይተናል። ኒካሕ ለማሰር ተስማምተን ሳለ ሽማግሌ መላኩን ከዒድ ወደ ዒድ ያሻግረዋል። አባቴም «ይህ ልጅ ምን እየጠበቀ ነው?» ማለት ጀምሯል።

አንድ ቀን በሚኒባስ ሐረጎን ስንወርድ ጭኑ ላይ ያለው ስልክ በራ። ከባንክ የመጣ መልእክት ነው፤ ለአንዲት ሴት ገንዘብ ልኳል። ማየቴን ሲያውቅ ስልኩን ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። በኋላ እህቱን አጥብቄ ስይዛት አወጣችው። ታናሽ ወንድማቸው በባቲ አድርጎ፣ በጅቡቲ ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ደላሎች የመን ላይ ይዘውት ነበር። ማስለቀቂያው የተከፈለው በብድር ነው፤ ሴትዮዋም ሰኞ ገበያ የምትነግድ አበዳሪ ናት። ልጁ ሳዑዲ ገብቷል፤ እስካሁን ግን ምንም አልላከም። እነሱ ቤት ቡና ስንጠጣ የእናቱ ጆሮ ላይ በወርቁ ፋንታ ጥቁር ክር ተሰክቶ አይቼ ነበር። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ማወቄን እሱ አያውቅም። ዕቁብ በቅርቡ ይደርሰኛል። ሰጥቼው ብንገላገልስ? ወይስ ይህን ያህል ነገር የደበቀኝን ሰው ልተወው?

ከኮምቦልቻ

መልስ፦

አብሽሪ ልጄ። የተጠረጠረችው ሴት አበዳሪ ሆና ተገኝታለች፤ ከዚህ የከፋ ስንት ደብዳቤ ይደርሰኛል።

ዕቁብሽን ግን አትስጪው። አልጠየቀሽም፤ ዕዳ እንዳለበት እንኳ አልነገረሽም። ደግሞም ዕቁብ ቀድሞ ለወሰደ ሰው ብድር ነው፤ ዙሩ እስኪያልቅ መጣል አለብሽ። ከሁለታችሁ አንዱ ባለዕዳ ነበር፤ አሁን ሁለታችሁም ልትሆኑ ነው።

ወንድሙን ከደላላ እጅ ማውጣቱን አልነቅፍበትም። በእኛ በወሎ ልጁን በዚያ መንገድ ያልሸኘ ሰፈር የት አለ? ቅር ያለኝ፣ አባትሽ ፊት አንቺን ብቻሽን ማቆሙ ነው። አንቺ ሰበብ ስትደረድሪ እሱ ምክንያቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል።

ስለ ዕዳው ማወቅ የሚገባሽም ለቅናት ብለሽ አይደለም። ከኒካሕ በፊት የተበደረው የራሱ ዕዳ ነው። ሆኖም በቤተሰብ ሕጋችን አበዳሪ መጀመሪያ ከተበዳሪው የግል ንብረት፣ ያ ካልበቃ ከባልና ሚስቱ የጋራ ንብረት ይከፈለዋል። ከጋብቻ በኋላ የምታገኙት ደመወዝ ደግሞ የጋራ ነው፤ የስፌት ደመወዝሽም ጭምር።

ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለበለዚያም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ እንዲረጋገጥ ያዝዛል፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ገድቧል። ስንት ተበደሩ፣ ዋሱ ማነው፣ የእናቱ ወርቅ ከተሸጠ በኋላ ስንት ቀረ? (በአፍ ብቻ የሚቆጠር ዕዳ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።) ደግነቱ በባንክ እየላከ ነው፤ ያ እንቅልፍ የነሳሽ መልእክት ለእሱ የክፍያ ማስረጃ ነው፤ አንዱንም እንዳያጠፋ ንገሪው።

እህቱን አታስወቅሺያት። «ሐረጎ ላይ መልእክቱን አይቻለሁ፤ ሴትዮዋ ማን ናት?» ብለሽ ጀምሪ፤ ውሸት የለበትም። በስልክ አይሁን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እረፍትሽ ሲደርስ ውጪና ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ከተቆጣ ይቆጣ፤ ሲበርድለት ይናገራል። አሁንም ከዋሸሽ ግን ዕቁብሽን ይዘሽ ተመለሺ። እናቱን ምንም አትጠይቂ፤ አይተሽ ዝም ማለትሽ ጨዋነት ነው።

እውነቱን ካወጣ መንገድ አለው። ድግሱ ይቅር፤ መህሩ በአቅሙ ይሁን፤ ሳዑዲ ያለው ወንድምም ሥራ ሲይዝ ድርሻውን እንዲልክ ከአሁኑ ቃል ይግባ። ለአባትሽ የሚነግረው ግን እሱ ነው፣ በሽማግሌዎቹ አፍ። ሽማግሌ የሚልክበትን ወር ይጥራልሽ። ወር መጥራት ካቃተው፣ አባትሽ ደግሞ ሲጠይቅ አንቺ ሌላ ሰበብ አትፈልጊለት።