ጥያቄና መልስ፦ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ሠዓሊ ብቻ ነበረች?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። የቢራቢሮን የዕድገት ለውጥ ሳስተምር የማሪያ ሲቢላ ሜሪያንን ሥዕሎች ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «እርሷ አበባ አሳማሪ እንጂ ተመራማሪ አልነበረችም፤ ወፍ የሚበላ ሸረሪት እስከ መሳል ደርሳለች» አለኝ። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ሜሪያን እ.ኤ.አ. በ1647 በፍራንክፈርት ተወለደች። አባቷ በመዳብ ላይ የሚቀርጽ ባለሙያና አሳታሚ ነበር፤ ገና በልጅነቷ እርሱ ስለሞተ ሥዕል ያስተማራት አበባ በመሳል የሚታወቀው የእንጀራ አባቷ ያኮብ ማሬል ነው። ብሩሹን ከቤት አገኘችው ማለት ይቻላል፤ ትሉን ወደ ቤት ያመጣችው ግን ራሷ ናት። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማርባት ጀመረች፤ ቀጥላም ያገኘችውን አባጨጓሬ ሁሉ ከሚበላው ቅጠል ጋር እያመጣች፣ ቅጠሉን እየቀየረች፣ መቼ በሽፋን ውስጥ እንደገባና መቼ ክንፍ አውጥቶ እንደወጣ በማስታወሻዋ ትመዘግብ ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ነፍሳት ከጭቃና ከብስባሽ በራሳቸው ይፈጠራሉ ብሎ ያምን ነበር። እርሷ በ1679 ባሳተመችው የአባጨጓሬ መጽሐፍ፣ በ50 ሥዕሎች፣ የነፍሳቱን የዕድገት ደረጃዎች ከሚመገቡት ተክል ጋር በአንድ ገጽ ላይ አሳየች። ይህ አቀራረብ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ስለምናየው ተራ ነገር ይመስለናል። እኔ በተለይ የማደንቀው ሌላ ነገር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ቢራቢሮ ሲጠበቅ ከሽፋኑ ውስጥ ትንንሽ ዝንብ መሳይ ነፍሳት ብቻ ይወጡ ነበር። ለማሳመር ብቻ የሚሥል ሰው እንዲህ ያለውን «የተበላሸ» ሽፋን ይጥለዋል፤ እርሷ ግን የወጣውን እንደወጣ ሣለችው። ዛሬ እነዚያ በአባጨጓሬው አካል ላይ የሚያድጉ ጥገኛ ነፍሳት መሆናቸው ይታወቃል።

በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ታናሽ ልጇን ዶሮቴያን ይዛ በደቡብ አሜሪካ የኔዘርላንድ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ሱሪናም በመርከብ ተጓዘች። እዚያ ሁለት ዓመት ያህል ሠርታ ስትታመም በ1701 ወደ አምስተርዳም ተመለሰች፤ በ1705ም 60 ሥዕሎች ያሉትን የሱሪናም ነፍሳት መጽሐፏን አወጣች። የመጽሐፉ ዕውቀት የእርሷ ብቻ እንዳልነበረ መጨመር ተገቢ ነው። ነፍሳቱንና ተክሎቹን በማምጣትና በማስረዳት የረዷት የአገሬው ሰዎችና በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ፤ በባርነት ያሉ ሴቶች ልጆቻቸው ባሪያ ሆነው እንዳይወለዱ በአንድ ተክል ዘር ፅንስ እንደሚያስወርዱ የነገሯትንም በመጽሐፏ ጽፋዋለች።

አሁን ወደ ሸረሪቱ እንምጣ። በጓቫ ቅርንጫፍ ላይ ታራንቱላ የተባለ ትልቅ ሸረሪት ሃሚንግበርድ የተባለች ትንሽ ወፍ ይዞ የሚታይበት ያ ገጽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንዳንድ ተመራማሪዎች ዘንድ ፈጠራ ተብሎ ተነቅፏል። ይሁንና እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ቤትስ በአማዞን አካባቢ አንድ ትልቅ ሸረሪት ወፎችን ይዞ በዓይኑ አይቶ በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ መሰከረ፤ ስለዚህ በዚህ ነጥብ ባልደረባዎ ተሳስተዋል።

ስሕተት አልነበረባትም ማለቴ ግን አይደለም። አንድ የሱሪናም የነፍሳት ዝርያ ጭንቅላቱ ሌሊት እንደ ፋኖስ ያበራል ብላ ጽፋለች፤ አያበራም። በዚያው በሸረሪቱ ገጽ ላይ ደግሞ የወፏ ጎጆ አለ፤ ለተማሪዎችዎ ሲያሳዩ እንቁላሎቹን ያስቆጥሯቸው። ሃሚንግበርድ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ሁለት እንቁላል ሲሆን፣ ሜሪያን የሣለችው አራት ነው።